ቁልፉን ማን ተረከበ? የእስያ ቅኝ ግዛቶች የነፃነት መንገድ ለምን ተለያየ?

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ኦገስት 17 ቀን 1945 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃካርታ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ የነፃነት ንቅናቄው መሪ ሱካርኖ ድምፅ ማጉያ ፊት ቆመው ከአንዲት ወረቀት ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበቡ። የመጀመሪያው የኢንዶኔዥያን ነፃነት ያውጃል። ሁለተኛው የሥልጣን ርክክቡና ሌላው ጉዳይ በጥንቃቄና በተቻለ መጠን ባጠረ ጊዜ እንደሚፈጸም ይናገራል። ከዚያ ባለቤታቸው ፋትማዋቲ በእጃቸው የሰፉት ቀይና ነጭ ባንዲራ በቀርከሃ ላይ ተሰቀለ። ሥነ ሥርዓቱ ይኸው ነበር።

በ16ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 2፣ ሃኖይ በባ ዲን አደባባይ ሆ ቺ ሚን ከሕዝብ ፊት ቆመው የቬትናምን ነፃነት አወጁ። ንግግራቸውን የጀመሩት ከአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በተወሰዱ ቃላት ነው። መሐል ላይ ንባቡን ገታ አድርገው «ወገኖቼ፣ የምለው ይሰማችኋል?» ብለው ጠየቁ፤ አደባባዩም በአንድ ድምፅ መለሰላቸው።

ሕንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ነፃ ስትወጣ ሁኔታው ፍጹም ሌላ ነበር። ኦገስት 14 ለ15 አጥቢያ 1947 እኩለ ሌሊት ላይ የሕንዱ መሪ ኔሩ ዴልሂ ምክር ቤት ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ የእንግሊዝ መንግሥት ቀኑን ራሱ ቆርጦ፣ ሕጉን በራሱ ፓርላማ አጽድቆ፣ በይፋ እያስረከበ ነበር።

ጃካርታ «ባጠረ ጊዜ» ያለችው ርክክብ አራት ዓመት ከአራት ወርና ጦርነት ፈጀ። ሃኖይ ያወጀችው ነፃነት መላውን ቬትናም እስኪያዳርስ 30 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ዴልሂ በድርድር ጨረሰች። ልዩነቱ ከየት መጣ? የተለመደው መልስ «ሕንዶች ሰላማዊ ትግልን መረጡ፣ ቬትናሞች ጠመንጃ አነሱ» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ቅኝ ተገዢው የመረጠው የትግል ስልት ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን ውጤቱን ይበልጥ የወሰኑት ሌሎች ሦስት ነገሮች ይመስሉኛል፦ ገዢው የሚያዝበት ወታደር የማን ልጅ ነበር? ቁልፉን የሚረከብ የተደራጀ ወገን ነበር ወይ፣ ገዢውስ ያን ወገን ይወደው ነበር ወይ? በመጨረሻም፣ ከጦርነቱ በኋላ ገንዘቡን የያዘችው ዋሽንግተን ምን ፈለገች?

ሲንጋፖር ስትወድቅ

ነገሩን ከ1942 መጀመር ይሻላል። የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ 15 ቀን የእንግሊዙ ጄኔራል ፐርሲቫል ቁምጣቸውን እንደለበሱ፣ አብረዋቸው ካሉት መኮንኖች አንዱ ነጭ ጨርቅ ሌላው የእንግሊዝን ባንዲራ ተሸክመው፣ ቡኪት ቲማ ወዳለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ በእግራቸው ሄዱና ለጃፓኖች እጃቸውን ሰጡ። ሲንጋፖር ላይ ብቻ 80 ሺህ ገደማ ወታደር ተማረከ። በሦስተኛው ሳምንት ሆላንዶች በቅኝ ግዛታቸው በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ ያንኑ አደረጉ። ለመቶ ዓመታት «የማይደፈር» ሲባል የኖረው ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያውም በእስያውያን እጅ፣ አገሬው እያየ ተደፈረ። ያን ያየ ገበሬና ተማሪ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሊታዘዝ አልቻለም።

ጃፓን ግን ነፃ አውጪ አልነበረችም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የጃቫ፣ የማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) እና የበርማ (የዛሬዋ ሚያንማር) ሰዎችን ለግዳጅ ሥራ አግዛለች፤ ከታይላንድ ወደ በርማ በተዘረጋው የባቡር መንገድ ላይ ያለቁት ብዙ ናቸው። ሰሜን ቬትናም ውስጥ ሩዝ በግዳጅ ይወሰድ ስለነበር፣ የአየር ጠባዩና የጦርነቱ ችግር ተጨምሮበት፣ በ1944 እና በ1945 የደረሰው ረሀብ በዝቅተኛው ግምት 400 ሺህ፣ በከፍተኛው 2 ሚሊዮን ሰው ፈጅቷል። ጃፓን ነፃነት ባትሰጥም ሳታስበው ትታው የሄደችው ነገር አለ። ጃቫ ላይ፣ በርማ ላይ፣ በሕንድ ምርኮኞች መካከል ለራሷ ጥቅም ብላ ወጣቶችን አስታጥቃና አሠልጥና ነበር። በኦገስት 1945 እጇን ስትሰጥ እነዚህ ወጣቶች በየቦታው ነበሩ፤ የአውሮፓ ጦር ግን ገና አልደረሰም። የእንግሊዝ ወታደሮች ጃካርታ የገቡት በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ባለቤቱ ሄዶ ጠባቂው የሸሸበት ቤት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ቤቱ ውስጥ ለሚኖሩት ልጆች ቀረ።

ሕንድ፦ የታዛዡ ብዛት

ሕንድን ጃፓን አልያዘቻትም። ስለዚህ እዚያ ክፍተት አልተፈጠረም፤ እንግሊዝ እስከ መጨረሻው ወንበሯ ላይ ነበረች። ታዲያ ለምን ተነሳች?

በ1941 ቆጠራ መሠረት ወደ 390 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲተዳደር የነበረው አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች ብቻ ባሉት ከፍተኛ ሲቪል ሰርቪስ ነው፤ ከእነዚህም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሕንዶች ነበሩ። ግብር የሚሰበስበው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ባቡር የሚነዳው፣ ሰልፈኛ የሚደበድበው ፖሊስም ሕንዳዊ ነው። ጋንዲ የገባቸው ይህ ነበር። በማርች 1930 ከአሕመዳባድ ተነስተው 385 ኪሎ ሜትር ያህል በ24 ቀን ተጉዘው ዳንዲ የባሕር ዳር ደረሱና ጎንበስ ብለው ከጭቃው ጨው አነሱ። ጨው ማምረት የመንግሥት ብቸኛ መብት ነበርና ያ እፍኝ ጨው ወንጀል ሆነ። ጋንዲ ጨውን የመረጡት በደሃው ድስት ውስጥም ስለማይጠፋ ነው፤ የቅኝ አገዛዝን ትርጉም ለአንዲት መንደርተኛ እናት ለማስረዳት ሌላ ንግግር አያስፈልግም። በዚያ ዘመቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ታስሯል። እንግሊዝ ግን በጨው ሰልፍ አልወጣችም። ሰልፉ ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ አገዛዙ የቆመው በታዛዡ ፈቃድ ላይ መሆኑን ለታዛዡ አሳየው።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። 2.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕንዶች ለእንግሊዝ ዘመቱ። የእኛ አገር ታሪክ እዚህ ላይ ይገናኛል። በ1941 ከረን ላይ ጣልያንን ሰብረው ካለፉት ጦሮች ግንባር ቀደሞቹ 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር አምባ አላጌ ላይ የአኦስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ ከበባው ውስጥ 5ኛው ክፍለ ጦር ነበር። የሌላውን አገር ነፃነት ለማስመለስ ደሙን ያፈሰሰው የፑንጃብ ልጅ አገሩ ሲመለስ የራሱን ጉዳይ እንዳይጠይቅ የሚያደርገው ምን ነበር?

ጠየቀም። በ1945 መጨረሻ እንግሊዝ ከጃፓን ጋር ወግነው በተዋጉት የሕንድ ብሔራዊ ጦር መኮንኖች ላይ በዴልሂ ቀዩ ምሽግ ችሎት ከፈተች። መጀመሪያ ለፍርድ ያቀረበቻቸው ሦስቱ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሲክ ነበሩ። ሕዝቡን በሃይማኖት ከፋፍሎ ለሚገዛ መንግሥት ከዚህ የከፋ ምርጫ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሳ። ተፈረደባቸው፤ ግን ቅጣቱ ሳይፈጸም ተለቀቁ። በፌብሩዋሪ 1946 ደግሞ ቦምቤይ በሚገኘው «ታልዋር» የተባለ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከበኞች በሚቀርብላቸው ምግብ ተማረው አደሙ። በቀናት ውስጥ አድማው 78 መርከቦችንና 20 ሺህ ገደማ መርከበኞችን አዳረሰ።

የሚገርመው ግን መርከበኞቹን እጃችሁን ስጡ ብለው የመከሩት ለነፃነት የሚታገሉት የሕንድ ፓርቲዎች፣ የኮንግረስና የሙስሊም ሊግ፣ መሪዎች ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ነገ የሚረከቡት ጦር ዲሲፕሊኑ የፈረሰ እንዲሆን አልፈለጉም። ሕንድ ውስጥ ተረካቢ ወገን ነበረ የምለው ለዚህ ነው። ኮንግረስ በ1885 የተመሠረተ፣ በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ ያለው፣ ከ1937 ምርጫ በኋላ ከ11 ክፍላተ ሀገር በአብዛኞቹ መንግሥት መሥርቶ በጀት አይቶ የሚያውቅ ድርጅት ነበር። ለንደን በበኩሏ ባዶ ኪሷን ነበረች። ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝ ለሕንድ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ባለዕዳ ሆና ተገኘች፤ ተበዳሪው አበዳሪውን እየገዛ ነበር ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ በፌብሩዋሪ 1947 እስከ ጁን 1948 እንለቃለን ብለው አወጁ።

ችግሩ ተረካቢው ሁለት መሆኑ ነበር። ጂናህ የሚመሩት ሙስሊም ሊግ የራሱን አገር ጠየቀ። በኦገስት 1946 ካልካታ ውስጥ ሂንዱና ሙስሊም በተፋጁበት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በጥቂት ቀናት አለቀ። የመጨረሻው እንደራሴ ማውንትባተን ጁን 3 ቀን 1947 የመከፋፈሉን ዕቅድ ይፋ አድርገው ቀኑን ወደ ኦገስት 15 ሳቡት። በመካከሉ የነበረው ጊዜ 73 ቀን ነው። ድንበሩን እንዲያሰምሩ የተመረጡት ሲሪል ራድክሊፍ የሚባሉ የለንደን ጠበቃ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጠው አያውቁም። ጁላይ 8 ደረሱ፤ አምስት ሳምንት ተሰጣቸው። ካርታው ለሕዝብ የወጣው ደግሞ ኦገስት 17 ነው፤ ከነፃነቱ ሁለት ቀን በኋላ።

ይህ ማለት በቤንጋልና በፑንጃብ ያሉ ሚሊዮኖች የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆኑ ሳያውቁ የነፃነት ቀናቸውን አከበሩ ማለት ነው። በሙርሺዳባድ የፓኪስታን ባንዲራ ተሰቀለ፤ ካርታው ሲወጣ ከተማዋ ለሕንድ ደረሰች። ኩልና ደግሞ የሕንድን ባንዲራ ሰቅላ ፓኪስታን ሆነች። ባንዲራ አውርዶ ሌላ መስቀል ቀላል ነው። ፑንጃብ ላይ ግን መንደር ለመንደር እልቂት ሆነ፤ ሬሳ የሞላባቸው ባቡሮች ጣቢያ ደረሱ። 14 ሚሊዮን ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ድንበር ተሻገረ። የሞቱት ቁጥር ግምቱ ከ200 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ጋንዲ በዚያች የነፃነት ሌሊት ዴልሂ አልነበሩም፤ ካልካታ በሙስሊሞች ሰፈር ደም እንዳይፈስ ሲማጸኑ ነበር።

እንግዲህ «የሕንድ ነፃነት በሰላም ተገኘ» ሲባል ሰላሙ በእንግሊዝና በሕንድ መካከል እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሄደው ወገን ሻንጣውን ይዞ በሰልፍ ባንድ ታጅቦ ሄደ፤ ሂሳቡ የቀረው ለቀሩት ነው። ቀኑ ባይቸኩል ኖሮ፣ ቢያንስ ካርታው ከባንዲራው ቢቀድም ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በርማና ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ብዙም ሳይቆዩ ተከተሉ። የበርማው አውንግ ሳን መጀመሪያ ከጃፓን ጋር ሆነው እንግሊዝን ወጉ፤ በማርች 1945 ዞረው ጃፓንን ወጉ፤ በጃንዋሪ 1947 ለንደን ላይ ከአትሊ ጋር ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። ነፃነቱ የታወጀው ጃንዋሪ 4 ቀን 1948 ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሰዓቱን ኮከብ ቆጣሪዎች መርጠውት ነበር። ሲሎን ከሁሉም ያለ ኮሽታ አለፈች። እንግሊዝ የባሕር ኃይል ጣቢያዋን እንደያዘች ሥልጣኑን ለምታምናቸው ለሴናናያኬ አስረከበች። ይሁን እንጂ አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው የዜግነት ሕግ በሻይ እርሻ የሚሠሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ታሚሎች አገር አልባ ሆኑ።

ኢንዶኔዥያ፦ በጦር ሜዳ ያሸነፈ ሲሸነፍ

ሆላንድ ራሷ በጀርመን ተይዛ፣ በመጨረሻው ክረምት ሕዝቧ ተርቦ፣ ከዚያ ነፃ ከወጣች ገና ወራት ነበር የተቆጠሩት። የተያዘ ሕዝብ የተያዘን ሕዝብ ስሜት ያውቃል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። «ኢንዲስ ከጠፋች መከራ ተወለደ» የሚል አባባል በሆላንዶች ዘንድ ነበር፤ ኢንዲስ የሚሏት ኢንዶኔዥያን ነው፤ የጃቫ ስኳር፣ የሱማትራ ጎማና ነዳጅ ከሌለ አገራችን አትቆምም ብለው ያምኑ ነበር።

ይሁንና ጦር አልነበራቸውም። ስለዚህ ጃፓኖችን ትጥቅ ለማስፈታት ቀድሞ የገባው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ሲባል ደግሞ በአብዛኛው ሕንዶች። ሱራባያ ላይ በኦክቶበር መጨረሻ ብርጋዴር ማላቢ ተገደሉ፤ ኖቬምበር 10 እንግሊዝ ከተማዋን ከአየር፣ ከባሕርና ከምድር መታች። ለዚያ ውጊያ የተላከው ከረንና አምባ አላጌን ያየው 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ነበር። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ያው ክፍለ ጦር በአራት ዓመት ልዩነት አንዱን ሕዝብ ከቅኝ ገዢ እጅ ለማውጣት፣ ሌላውን ወደ ቅኝ ገዢ እጅ ለመመለስ ተዋጋ። ከሕንድ ወታደሮቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት ከድተው ወደ ኢንዶኔዥያውያን ተቀላቀሉ። ኔሩም የሕንድ ወታደር ለዚህ ሥራ መዋሉን አጥብቀው ተቃወሙ። «ወታደሩ የማን ልጅ ነው?» ያልኩት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እንግሊዝ ቶሎ መውጣትን መረጠች።

ከዚያ ሆላንድ የራሷን ልጆች፣ ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር፣ በመርከብ አመጣች። ሊንጋጃቲ በሚባል ቦታ ስምምነት ተፈረመ፤ በጁላይ 1947 ፈረሰ። ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ በዲሴምበር 1948 ፈረሰ። ሆላንዶች እነዚህን ሁለት ዘመቻዎች «የፖሊስ እርምጃ» አሏቸው። አጠራሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ፖሊስ የሚሠራው በራስ አገር ውስጥ ነውና ጉዳዩ የውስጥ ጉዳይ ነው ለማለት ነው።

በሁለተኛው ዘመቻ ዋና ከተማ የነበረችው ዮጊያካርታ ተያዘች፤ ሱካርኖና ምክትላቸው ሐታ ታሰሩ። በጦር ሜዳ ሲታይ ነገሩ አልቆ ነበር። ነገር ግን የጦሩ አዛዥ ሱዲርማን ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው፣ አንድ ሳንባቸው ከሥራ ውጪ የሆነ፣ ገና የ32 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ወታደሮቻቸው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ተራራ ለተራራ እየዞሩ ሽምቅ ውጊያውን መሩ። ከተማው የሆላንድ፣ ገጠሩ የእነሱ ሆነ።

ሚዛኑን የደፋው ግን ከውጭ የመጣው ግፊት ነው። በጃንዋሪ 1949 ኔሩ የኢንዶኔዥያን ጉዳይ የሚመለከት ጉባኤ ዴልሂ ላይ ጠሩ፤ ከተካፈሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም መሪዎቹ እንዲፈቱና ሥልጣን እንዲተላለፍ ጠየቀ። አሜሪካ ደግሞ ቦርሳዋን ያዘች። ሆላንድ በማርሻል ዕቅድ፣ አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለመገንባት በምትሰጠው እርዳታ፣ ነበር የምትገነባው፤ ዋሽንግተን ውስጥ «በእኛ ገንዘብ ቅኝ ግዛት እያስመለሱ ነው» የሚሉ ድምፆች በረከቱ፤ እርዳታው ይቋረጥ የሚል ማስፈራሪያ መጣ።

አሜሪካ ለምን ወደ ሱካርኖ አዘነበለች? ፀረ ቅኝ ግዛት ስለነበረች ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 1948 ማዲዩን ላይ ኮሚኒስቶች ባመፁ ጊዜ የሱካርኖና የሐታ መንግሥት ራሱ ጦር ልኮ ደመሰሳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሽንግተን የምታምነው ተረካቢ አገኘች። ከዓመት በኋላ ሄግ ላይ በተደረገ ድርድር ዲሴምበር 27 ቀን 1949 ርክክቡ ተፈጸመ። ኢንዶኔዥያ ግን ከ4 ቢሊዮን ጊልደር በላይ የቅኝ ግዛት መንግሥቱን ዕዳ እንድትሸከም ተደረገች፤ ከዚያ ውስጥ እሷኑ ለመውጋት የወጣ ገንዘብ ነበረበት። በ1956 ቀሪውን አልከፍልም አለች።

ቬትናም፦ ያው ዋሽንግተን፣ ሌላ መልስ

ሆ ቺ ሚንም እንደ ሱካርኖ በኦገስት 1945 ክፍተት ተጠቀሙ። እንዲያውም ዕድላቸው የሰፋ ነበር፤ ጃፓን እስከ ማርች 9 ቀን 1945 ድረስ የፈረንሳይን አስተዳደር እንዳለ ትታው ከቆየች በኋላ በአንድ ሌሊት ጠራርጋ አስራዋለችና፣ ጃፓን ስትወድቅ ከሥር የፈረንሳይ አስተዳደር የሚባል አልነበረም። በጦርነቱ መጨረሻ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ጋር አብረው ሠርተዋል። ለፕሬዚዳንት ትሩማን ደብዳቤ ጽፈዋል፤ መልስ አላገኙም።

ፈረንሳይም እንደ ሆላንድ በጀርመን የተዋረደች፣ ክብሯን በባሕር ማዶ ግዛቷ ልታስመልስ የተነሳች አገር ናት። በማርች 1946 ስምምነት ነበር፤ በኖቬምበር የፈረንሳይ መርከቦች ሃይፎንግን ደበደቡ፤ በዲሴምበር ጦርነቱ ተጀመረ። እስከዚህ ድረስ ከኢንዶኔዥያ ጋር መንትያ ነው። የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ ሆ ቺ ሚን ኮሚኒስት ናቸው። ማኦ በ1949 ቻይናን ሲይዙ የጦር መሣሪያው በሰሜን ድንበር መግባት ጀመረ፤ ዋሽንግተን ደግሞ ሆላንድን ባስፈራራችበት ቦርሳ ፈረንሳይን መደጎም ያዘች። በ1954 የጦርነቱን ወጪ አብዛኛውን የምትሸፍነው አሜሪካ ነበረች። ከዓመታት በፊት ቅኝ አገዛዝን የምታወግዝ መንግሥት ሚዛኗ ምን እንደነበረ ይህ ንጽጽር ያሳያል።

ፈረንሳዮች በሰሜን ምዕራብ፣ ላኦስ ድንበር አጠገብ ባለች ሸለቆ፣ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ሰፈሩ። ሐሳባቸው ጠላት ከተራራው ወርዶ እንዲመጣና ሜዳ ላይ እንዲመቱት ነው። ዙሪያው ጫካና ገደል ስለሆነ ከባድ መድፍ እዚያ ላይ ሊወጣ አይችልም ብለው ነበር። የታሪክ አስተማሪ የነበሩት የቬትናሙ ጄኔራል ጂያፕ መድፎቹን አስፈታትተው በሰው ትከሻና በገመድ፣ ክንድ በክንድ፣ ተራራው ላይ አስወጧቸው። ስንቁ በብስክሌት መጣ። ብስክሌቱን የሚነዳው የለም፤ መሪው ላይ የቀርከሃ እንጨት ታስሮ፣ ከ200 ኪሎ በላይ ሩዝ ወይም ጥይት ተጭኖበት በሌሊት ይገፋል። ማርች 13 ተኩሱ ሲጀመር መድፎቹ ከየት እንደሚተኩሱ እንኳ ለማየት አስቸጋሪ ነበር፤ የፈረንሳይ መድፈኛ አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሳቸውን በእጅ ቦምብ አጠፉ። ሜይ 7 ሠፈሩ ወደቀ፤ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደር ተማረከ፤ ከምርኮ በሕይወት የተመለሰው ከግማሽ በታች ነው።

በማግስቱ ጄኔቫ ላይ የኢንዶቻይና ድርድር ተከፈተ። በጁላይ ቬትናም 17ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ለጊዜው ሰሜንና ደቡብ ተብላ ተከፈለች፤ በ1956 ምርጫ ተደርጎ አንድ ትሆናለች ተባለ። ምርጫው አልተደረገም። ከዚያ የመጣውን የአሜሪካ ጦርነት ዓለም ያውቀዋል። በአንጻሩ ካምቦዲያ በ1953 ያለ ትልቅ ጦርነት ነፃ ወጣች፤ ቬትናም ላይ የተወጠረችው ፈረንሳይ ከንጉሥ ሲሃኑክ ጋር ሌላ ግንባር መክፈት አልፈለገችም።

ማላያና የዘገዩት

«ኮሚኒስት ካለ ጦርነት ነው፣ ከሌለ ድርድር» ብለን እንዳንደመድም ማላያ አለች። እዚያ ኮሚኒስቶች በ1948 ጫካ ገቡ፤ መሪያቸው ቺን ፔንግ ጃፓንን ስለተዋጉ ከእንግሊዝ ሜዳልያ የተሸለሙ ሰው ነበሩ። እንግሊዝ ጎማውና ቆርቆሮው ዶላር ስለሚያስገኝላት በቀላሉ የምትለቀው አገር አልነበረም። ውጊያው 12 ዓመት ፈጀ፤ ስሙ ግን «አስቸኳይ ጊዜ» ነበር፤ ጦርነት ከተባለ የለንደን የመድን ድርጅቶች ለተቃጠለ የጎማ እርሻ አይከፍሉምና። ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን ገበሬዎች፣ ከጫካው ዳር ተነስተው በሽቦ በታጠሩ አዳዲስ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተገደዱ።

እንግሊዝ ፈረንሳይ ያላደረገችውን አደረገች፤ በአንድ እጇ እየተዋጋች በሌላው አስረከበች። ሸማቂዎቹ በአብዛኛው ከቻይናውያን ወገን ስለነበሩ የማላዩ ገበሬ አልተከተላቸውም። በ1955 ምርጫ የአገሩ ማላዮች፣ ቻይናውያንና ሕንዳውያን ፓርቲዎች ጥምረት ከ52 ወንበር 51ዱን አሸነፈ፤ የጥምረቱ መሪ ቱንኩ አብዱል ራህማን ደግሞ ለለንደን የሚያሰጉ ሰው አልነበሩም። ኦገስት 31 ቀን 1957 ኩዋላ ላምፑር ስታዲየም ውስጥ እጃቸውን አንስተው «መርዴካ!»፣ ነፃነት፣ ብለው ሰባት ጊዜ ጮኹ። ጫካ ያሉት የሚታገሉለት ዋናው ምክንያት ያን ዕለት ከእጃቸው ወጣ።

ፖርቱጋል ከሁሉም ኋላ ቀረች። ሊዝበን በአምባገነን የምትመራ፣ የሕዝብ ድምፅም የአሜሪካ ቁጣም የማያስነሳት ስለነበረች፣ በሕንድ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ የያዘቻትን ጎአን ያስለቀቃት በዲሴምበር 1961 የሕንድ ጦር በሁለት ቀን ባልሞላ ዘመቻ ነው። የምሥራቅ ቲሞር ግን ልብ ይሰብራል። ፖርቱጋል በ1975 ጥላት ስትሄድ፣ የተደራጀ ተረካቢ ገና በእርስ በርስ ውጊያ ውስጥ እያለ፣ ራሷ የቅኝ ግዛት ልጅ የነበረችው ኢንዶኔዥያ ወረረቻት። ነፃ የወጣችው በ2002 ነው።

የኢንዶኔዥያ ነገር ደግሞ ሌላ እልባት ነበረው። ሆላንድ ለአሥርተ ዓመታት የኢንዶኔዥያ ነፃነት ቀን ዲሴምበር 27 ቀን 1949 ነው ስትል ኖረች። የቀኑ ክርክር የታሪክ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነፃነቱ ከ1949 ከሆነ፣ የተደረገው «የፖሊስ እርምጃ» ነው። ከኦገስት 1945 ከሆነ ደግሞ ሆላንድ ያደረገችው አንድን ነፃ አገር መውረር ነው፤ ዕዳውም የወራሪ ዕዳ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ በሆላንድ ፓርላማ ቆመው ኦገስት 17 ቀን 1945ን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን ያሉት በጁን 2023 ነው፤ ሱካርኖ ያቺን ወረቀት ካነበቡ 78 ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው።